ባንዱን በእኔ ጉድለት ሲጠሩት

ሰው ሲያኮርፍ ፊቱን ያዞራል። እኔ ግን በዚያን ጊዜ ሳኮርፍ ግራ እጄን ኪሴ ውስጥ ነበር የምከተው። ስደሰትም፣ ስፈራም፣ ከሰው ጋር ቆሜ ሳወራም ያው ኪሴ ውስጥ ናት። ሁለት ዓመት እንዲህ የኖረች እጅ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሐርጌሳ ውስጥ በአንድ የሰርግ አዳራሽ በር ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሴት ፊት እንዴት እንደወጣች ላጫውታችሁ። ነገሩ የጀመረው ለአዲስ ባንድ ስም ስናወጣ ነው።

ዳምጠው እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። አገሬ ሳለሁ በከተማችን የኪነት ቡድን ውስጥ ኪቦርድ እጫወት ነበር። በኪቦርድ ግን ጎጆ አይወጣም፤ ስለዚህ ሴራሚክ ማንጠፍ ተማርኩና በጂግጂጋ በኩል አድርጌ ሐርጌሳ ገባሁ። በስድስተኛው ወር ጋአን ሊባህ ሰፈር የአንድ አዲስ ቤት መታጠቢያ ክፍል ስንሠራ፣ ፍሌክስ የምንለው መቁረጫ አመለጠኝና የግራ እጄን የቀለበት ጣትና ትንሿን ጣት ወሰዳቸው። ያን ቀን አብሮኝ የነበረው ጋሻው ነው። ጋሻው የሥራም የቤትም ጓደኛዬ ነው፤ ኮድቡር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። እጄን በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ በባጃጅ ሐኪም ቤት አድርሶ፣ እስክሽርም ያጎረሰኝ እሱ ነው።

ታዲያ ጋሻው ከዚያ ቀን በኋላ ስለ እጄ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ሌሎቹ አበሾችም እንደዚያው ናቸው። የእኛ ሰው ጨዋ ነው፤ የሰው ጉድለት እያየ እንዳላየ ያልፋል። ጋሻው ሞባይሉ ላይ ዘፈን ከፍቶ ሲያዳምጥ እኔ ከገባሁ ቶሎ ያጠፋዋል። በዓል ሲሆን ልጆቹ ተሰብስበው ሲጨፍሩ «ዳምጤን ተዉት፣ ደክሞታል» ይሉልኛል። ደክሞኝ አያውቅም። እኔ ግን ዝምታቸውን በራሴ መንገድ ተረጎምኩት፤ ሙዚቀኛው ዳምጠው ሞቷል፣ ቀብረውታል፣ እርማቸውንም አውጥተዋል አልኩ። እነሱ ከቀበሩኝ እኔ ምን ብዬ እነሣለሁ?

ከሁለት ዓመት በኋላ 26 ጁን ሰፈር የአንድ ሽማግሌ ቤት ወለል ልሠራ ሄድኩ። ሽማግሌው አዴር ዩሱፍ ይባላሉ። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው እንዲህ እየተባለ ይከበራል። በአገራቸው ጦርነት ጊዜ ተሰደው ብዙ ዓመት ድሬዳዋ ስለኖሩ አማርኛ አያንቃቸውም። ኡድ የሚባለውን የዓረብ ባለ ክር መሣሪያ ይመታሉ። ወለሉን ለማስለቀቅ ዕቃ ስናወጣ፣ አቧራ የለበሰ ኪቦርድ ከአልጋ ሥር ብቅ አለ። ለምሳ ስናርፍ ማንም የለም ብዬ በቀኝ እጄ ነካ ነካ አደረግኩት። ብዙም ሳልቆይ ከኋላዬ የኡድ ድምፅ መጣና ዜማዬን ተቀበለኝ። የእኛም የእነሱም ዜማ በአምስት ድምፅ የሚሄድ ስለሆነ መንገድ ሳይጠፋን አብረን እስከ መጨረሻው ወረድን።

ስንጨርስ «ግራህስ?» አሉኝ።

«ግራዬ አይሠራም፣ አዴር።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ሳልወድ አወጣሁት። ልብስ እንደሚገዛ ሰው አገላብጠው አዩት። «ሦስት ተርፎልሃል። እኔ ይህን ኡድ አርባ ዓመት የመታሁት በአንዲት መምቻ ነው፤ ሦስት ለአንተ ምን አነሰህ?» አሉና ሻያቸውን ሊጠጡ ሄዱ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁለት ዓመት ያለቀስኩበትን ነገር ሻይ ሳይቀዘቅዝ ጨረሱት።

በሳምንቱ የእህታቸው ልጅ ሆዳን መጣች። ሆዳን የሞባይል ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፤ ጂግጂጋ ስለተማረች አማርኛ ከነስድቡ ታውቃለች። ድምፅዋን ስትለቀው ግን ስድቧን ሁሉ ይቅር ትላላችሁ። ሦስት ሆንን። ከአሱር ሰላት በኋላ አዴር ዩሱፍ ግቢ ውስጥ እንለማመዳለን። እኔ ሁልጊዜ ግራ እጄን ወደ ግድግዳው አድርጌ ነው የምቀመጠው። ከአጥሩ ወዲያ ያሉ ሴቶች ግን ሥራቸውን ትተው ያዳምጡን ነበር።

ከእነዚህ ጎረቤቶች አንዷ ዘንድ ለጥየቃ የመጡ ኤዶ፣ ማለትም አክስት፣ ፋዱሞ የሚባሉ ሴት፣ አንድ ቀን በአጥሩ ማዶ ተቀምጠው ሰሙንና «የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ እነዚህ ይምጡልኝ» ብለው በጎረቤቷ በኩል ላኩብን። ፊታችንን አላዩም፤ የወደዱት በጆሯቸው ነው። ሰርጉ ሐሙስ ነው። አዴር ዩሱፍ ይህን ሲሰሙ ወዲያው ተነሥተው ኮታቸውን ከሳጥን አወጡና መተኮስ ጀመሩ። ዲጄ ከመጣ ወዲህ ሰርግ ላይ ኡድ ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ሰርጉ ገና አራት ቀን እንደቀረው እንኳ ልንነግራቸው አልደፈርንም።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። አዳራሹ ከመድረኩ ጀርባ የባንዱን ስም የያዘ ባነር ይሰቅላል፤ ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ስሙን እስከ ማክሰኞ አምጡ ብሏል። ስም የለንም።

«የጥንት ባንዶች እኮ ጨርሰውታል» አሉ አዴር ዩሱፍ እያዘኑ። «ንጋት ተይዟል፣ ኮከብ ተይዟል። እኛ የምንይዘው ጨለማውን ነው መሰለኝ።»

ሆዳን የፈረንጅ ስም ፈለገች። «ጎልደን ቮይስ» አለች።

«ጎልደኑ ማን ነው? አንቺ ነሽ፤ እኛ ታዲያ ምንድን ነን?» አልኳት።

«አጃቢ!»

እኔ ያቀረብኩት «ሰላም ባንድ» የሚል ነበር። ሆዳን ሳቋን ለቀቀችው። «ሰላም ሆቴል፣ ሰላም ፋርማሲ፣ ሰላም የልብስ ስፌት። ወላሂ ዳምጠው፣ ሰው ሰርግ ላይ መድኃኒት ሊጠይቀን ነው።» ሁለት ቀን እንዲህ ተከራከርን። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላል የአገሬ ሰው፤ የእኛ መልአክ ግን መንገዱ ጠፍቶት ቀረ።

ማክሰኞ ዕለት ሆዳን እየሮጠች መጣች። «ለካ ስም አለን! ሰፈሩ በሙሉ ሲጠራን ከርሟል» አለች። «ማን እያለ?» ስላት ሳታፍር፣ ሳትሽኮረመም፣ ዓይኔን እያየች «ኮሕዳ ፋሮሌ» አለችኝ።

ኮሕዳ ማለት ቡድኑ ማለት ነው። ፋሮሌ ደግሞ በሶማሌ ዘንድ ጣቱ ላይ ጉድለት ያለበትን ሰው የሚጠሩበት ስም ነው። ጆሮዬ ላይ የጋለ ብረት ያስጠጉብኝ መሰለኝ። እጄ ወዲያው ኪሴ ገባች። ለካ በዚያ አጥር ቀዳዳ እያዩኝ፣ ግድግዳው ምንም ሳይጠቅመኝ፣ ጉዴን የባንድ ስም አድርገውታል!

አዴር ዩሱፍ መከፋቴን ሳያዩ አልቀሩም። «ዳምጤ፣ እኔን ምን እያሉ ነው የሚጠሩኝ?» አሉኝ።

«ዩሱፍ ዴሬ።»

«ረጅሙ ዩሱፍ ማለት ነው። ሥጋ ቆራጩን ታውቀዋለህ፣ አፈ ትልቁ ነው። የቁርአን አስተማሪውን ዓይነ ትንሹ እንላቸዋለን፤ በፊታቸው ነው የምንጠራቸው፣ አቤት ይላሉ። እዚህ አገር ሰው የሚታወቀው በምልክቱ ነው።»

«ግጥም ያለ ስም ነው! ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አለች ሆዳን። «እንስማማ፤ እኔና አዴር ኮሕዳ ፋሮሌ ብለናል። አንተስ?»

«እሺ» አልኩ።

እዚህ ላይ ስለ እኛ እሺ አንድ ነገር ልበላችሁ። አበሻ እሺ ሲል ልማዱን የሚያውቅ ሰው ሁለቴ፣ ሦስቴ ደግሞ ይጠይቃል። ሆዴ እምቢ እያለ አፌ እሺ ያለው በይሉኝታ ነው፤ ሽማግሌ ፊት፣ ሁለት ለአንድ፣ ምን ልበል? እነሱ ግን ሶማሌ ናቸው። የከፋው ሰው ከፍቶኛል ብሎ ሲጮህ ነው የሚያውቁት። እሺ ስል እሺ ያልኩ መሰላቸውና ተደሰቱ። ማተሚያ ቤቱ ለሥራ ቦታዬ ስለሚቀርብ ስሙን አድርስ ብለው እኔኑ ላኩኝ።

መንገዱን በሙሉ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ሄድኩ። ማተሚያ ቤት ደርሼ ልጁ «ምን ብዬ ልጻፍ?» ሲለኝ «ሰላም ባንድ» አልኩት። ጨዋ ስም ነው፤ ማንንም አይሰድብም፣ የማንንም ጣት አይቆጥርም። ከታተመ ወዲያ ምን ያደርጉኛል ብዬ ነበር። ረቡዕ ተጠቅልሎ ወሰድኩት፤ ለሁለቱም አላሳየሁም።

ሐሙስ ኪቦርዱንና ባነሩን በባጃጅ ጭኜ ቀድሜ አዳራሹ ደረስኩ። ሆዳን ፀጉር ቤት ናት፤ አዴር ዩሱፍ ሰላት ሰግደው ሊመጡ ነው። ባነሩን ለበር ጠባቂው ሰጠሁትና ዘርግቶ አየው። ገብቶ አንዲት ደልደል ያሉ፣ ጌጣቸው የሚያብረቀርቅ ሴት ይዞ ተመለሰ። ኤዶ ፋዱሞ ነበሩ። ከኋላቸው ለሰርጉ የለበሱ ሴቶች ነገሩን ሊያዩ ብቅ ብቅ አሉ።

«ይህ ምንድን ነው?» አሉኝ በሶማልኛ።

የእኔ ሶማልኛ የሴራሚክ ሶማልኛ ነው፤ ሲሚንቶ አምጣ፣ ውሃ ጨምር፣ ቀጥ አድርገው። ከዚያ አያልፍም። መስማቱን ግን እሰማለሁ። «ሙዚቃ። ሰላም ባንድ» አልኳቸው።

«ሰላም ባንድ የሚባል አልጠራንም። እኛ የጠራነው ኮሕዳ ፋሮሌን ነው።»

«አንድ ነን» አልኩ።

«በሰርግ ቀን ሁሉም አንድ ነን ይላል! እነዚያን ከለከላችኋቸው እንዴ? ምን አድርጋችኋቸው ነው እናንተ የመጣችሁት?»

ጉድ ፈላ። ያገናኘችን ጎረቤት ገና አልመጣችም። ሆዳን ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አታነሣም። የፀጉር ማድረቂያ ውስጥ ሆና እንዴት ትሰማ! አዴር ዩሱፍ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። በዚህ መሀል የአዳራሹ ዲጄ፣ አንዲት ቀጭን ልጅ፣ ሽቦዋን ይዛ ከውስጥ ተጣራች። «ኤዶ፣ ሙሽራዋ ልትደርስ ነው። ልሰካ?»

«ትንሽ ቆዪ» አሉ ኤዶ ፋዱሞ፤ ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «ወንድሜ፣ ዕቃህን ይዘህ በሰላም ሂድ። አታጣላን» አሉኝ።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያ ሐሳቤ መሄድ ነበር። ባጃጁ አልራቀም። ብሄድ ማንም ፋሮሌ አይለኝም፤ ሴራሚኬን እየለጠፍኩ እኖራለሁ። ከዚያ አዴር ዩሱፍ ታዩኝ። አራት ቀን ቀድመው የተኮሱትን ኮት ለብሰው፣ ኡዳቸውን አቅፈው እዚህ በር ላይ ሲደርሱ የሚቀበላቸው የዲጄ ጩኸት ሊሆን ነው። ያ ሁሉ የሆነው ደግሞ በእኔ አፍ ነው፤ እሺ ብዬ በዋሸው አፍ።

«ፋሮሌ እኔ ነኝ» አልኩ በዚያው በሲሚንቶ ሶማልኛ።

«ምን አልክ?»

«ፋሮሌ። እኔ ነኝ።»

«የራሱን ስም የሚያንሾካሹክ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አሉ ኤዶ ፋዱሞ፤ ሴቶቹ ሳቁ። «ፋሮሌ ከሆንክማ ጣትህን አሳየኝ።»

እጄ ኪሴ ውስጥ ናት። ውጪ ስላት አልወጣም ያለች ትመስል ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ መዘዝኳትና በፊታቸው ዘረጋኋት። ሳቁ ቆመ። ኤዶ ፋዱሞ ሳይነኩኝ ጎንበስ ብለው፣ በአመልካች ጣታቸው ወደ ጣቶቼ እየጠቆሙ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በሶማልኛ ቆጠሩ። «ኮው። ለባ። ሰደሕ።» አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ከሦስት በኋላ የሚመጣውን ነበር የምፈራው። ሁለት ዓመት ከሰው ፊት ላይ ስሸሸው የኖርኩት ያ የሐዘኔታ ከንፈር መምጠጥ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። አልመጣም። ኤዶ ፋዱሞ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ታዲያ ምልክትህን ኪስህ ውስጥ ደብቀህ ማን እንዲያውቅህ ነው! ዝም ብለህ ታስጮኸኛለህ እንዴ? ግባ፣ ግባ!» አንዷ ሴት ከኋላ ሆና «የእኔም ባል ፋሮሌ ነው፤ የእሱ ግን አራት ነው» አለች። ሳቃቸው እንደገና ፈነዳ፤ እልልታም ተከተለ። የሚገርማችሁ እኔም ሳቅኩ። እየሳቅኩ እንባዬ ወረደ፤ እሱንም አልደበቅኩትም።

ሆዳንና አዴር ዩሱፍ ሲደርሱ ኪቦርዴን ተክዬ ባነሩን መሬት ላይ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሆዳን ጽሑፉን አየች፣ እኔን አየች። «እሺ ብለህ አልነበር? እሺ ማለት ምን ማለት ነው በእናንተ አገር? ቢከፋህ ጩህብን እንጂ!»

አዴር ዩሱፍ ግን ኮታቸው ላይ ያለውን አቧራ አራገፉና «የቅጽል ስም የሚወጣለት የሚፈለግ ሰው ነው፣ ዳምጤ። ለማይፈልጉት ሰው ማን ደክሞ ስም ያወጣለታል?» አሉኝ። ከዚያም ኡዳቸውን መቃኘት ጀመሩ።

ባነሩን ገለበጥነው፤ ጀርባው ነጭ ነው። ለሙሽራዋ ዘመዶች ሂና የምትቀባው ልጅ ተጠርታ መጣችና በሂናዋ በጀርባው ላይ «ኮሕዳ ፋሮሌ» ብላ ጻፈችልን፤ ዳር ዳሩንም በአበባ ሞላችው። ሳይደርቅ ስለተሰቀለ ፊደሎቹ ትንሽ ወረዱ። መድረኩ ላይ ኪቦርዱ የተቀመጠው ግራው ወደ ሕዝቡ ነበር፤ ቦታ ቀይሩልኝ አላልኩም። በሦስቱ ጣቶቼ መጀመሪያ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ከዚያ ያዝኩት። አዴር ዩሱፍ ኡዱን ሲጀምሩ እናቶቹ ከወንበራቸው ተነሡ። እኒያ ረጅም ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲመቱ ሃያ ዓመት ያነሱ መሰሉኝ። ስለ ሆዳን ምንም አልናገርም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዋን ትታለች፤ ሱቁ ሲፈልጋት ይኖራል።

ዛሬ በሳምንት ሁለትና ሦስት ሰርግ እንሠራለን። ባነራችንን በትክክል አሳትመናል። ገበያ ውስጥ «ፋሮሌ!» ተብዬ ስጠራ አቤት እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ግን አሁንም ቆንጠጥ ያደርገኛል፤ አልዋሻችሁም። የእኛን ጨዋነት ልነቅፍ ብዬም አይደለም ይህን የምጽፈው። ግን ምናልባት ከእናንተም መካከል አጠገቡ ስለተቀመጠ ሰው ጉድለት ዝም ብሎ የሚኖር ካለ፣ ዝምታችሁ ለእሱ ምን እንደሚመስለው አስቡት። ጉድለቱ ያለባችሁ ደግሞ እንደ እኔ የሰውን ዝምታ በራሳችሁ አትተርጉሙ። እኔ ለሁለት ዓመት ያህል በስህተት ተርጉሜው ነበር። እንዴት እንዳወቅሁ ነግሬያችሁ ላብቃ።

ከሰርጉ ማግስት ዓርብ ነው፤ ሥራ የለም። ጋሻው ግቢው ውስጥ ልብስ ያጥባል፤ ሞባይሉ ድንጋይ ላይ ሆኖ ይዘፍናል። እኔን ሲያይ እንደ ልማዱ በሳሙና እጁ ሊያጠፋው ተንደረደረ። «ተወው ይዝፈን» አልኩት። አጠገቡ ተቀመጥኩና ግራ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ የሰርጉን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ኤዶ ፋዱሞ ጣቴን ሲቆጥሩ የሚለው ጋ ስደርስ ሊስቅ ፈልጎ ፈራ። እኔ ስስቅ ግን አልቻለም፤ ሳፋው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። ሲጨርስ የሳሙና እጁን አለቀለቀ። ከዚያ እጄን፣ ያችን እጅ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አያት።

«ዳምጤ... ያን ቀን አሞህ ነበር?» አለኝ።

«እንዴት አያመኝ?»

«አልጮህክም እኮ። እኔ አጠገብህ ሆኜ ደሙን እስካየው ድረስ አላወቅሁም። ለምን አልጮኸም እያልኩ ሁለት ዓመት ስብሰለሰል ኖርኩ። ቀድሜ ብደርስልህ ኖሮ እያልኩ።»

«ጮኼ ነበር፣ ጋሻው» አልኩት። «ፍሌክሱ ገና እየጮኸ ስለነበር ነው ያልሰማኸኝ።»